በአንድ ቆጣሪ

ሉብና እናቷን ወለል ላይ ወድቀው ስታገኛቸው መጀመሪያ የመጣባት እንባ ሳይሆን ንዴት ነበር። እትዬ ሐጀራ ከአልጋው ሥር በጎናቸው ተጋድመዋል። ደህናው ግራ እጃቸው መጥሪያውን እንደጨበጠ ነው፤ አውራ ጣታቸው አሁንም ይጫነዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይጫነዋል። ስንት ጊዜ እንደተጣሩበት አላህ ይወቅ። ታች ወጥ ቤት ደግሞ ሠራተኛዋ ሠርኬ ከደወሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ምንም አልሰማችም።

እትዬ ሐጀራ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል። አእምሯቸው ግን ምንም አልሆነ። ድሮ በአንዋር መስጊድ ሰፈር በአፍ የሚችላቸው ነጋዴ ያልነበረ ሴትዮ፣ ዛሬ ያላቸው ድምፅ ያቺ መጥሪያ ብቻ ናት። ውሃ ሲጠማቸው፣ ጎናቸውን ሲያማቸው፣ ሽንት ሲመጣባቸው ይጫኗታል፤ ወጥ ቤት ያለው ደወል ይጮኻል፤ ሰው ይወጣላቸዋል። ደወሉ ካልጮኸ በገዛ ቤታቸው ውስጥ የሚሰማቸው የለም።

ሉብና እናቷን ከሠርኬ ጋር ተጋግዛ አልጋ ላይ እንደመለሰች ሠርኬ ላይ አፏን ከፈተችባት። ተኝተሽ ነው፣ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ነው፣ ሰው እዚህ ሲሞት አንቺ ታች ትዘፍኛለሽ፣ ያላለቻት ነገር የለም። ሠርኬ እትዬ ሐጀራን ከታመሙበት ቀን ጀምራ አጥባ፣ አጉርሳ፣ አገላብጣ የያዘች ሴት ናት። የማርያምን ስም ጠርታ ደወሉ እንዳልጮኸ ማለች። ሉብና አላመነቻትም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ይሄንን ነው፤ ቁጣዋ የሚገባው ሌላ ሰው ነበር።

ያ ሰው ወንድሟ ፉርቃን ነው። ፉርቃን ከዱባይና ከቻይና ዕቃ ያስመጣል። እናታቸው የታመሙ ሰሞን ሉብና የጠየቀችው ተራ ነገር ነበር፤ ከአልጋው እስከ ወጥ ቤት ሽቦ የተዘረጋለት ተራ ደወል። እሱ ሳቀባት። አዲስ በተቀባ ግድግዳ ላይ ሽቦ ታንጠለጥያለሽ ወይ ብሎ ቤቱን በሙሉ "ስማርት" አደረገው። መብራቱ በስልክ ይበራል፣ መጋረጃው በስልክ ይከፈታል፣ መጥሪያውም ደወሉም ሶኬት ላይ ይሰካሉ። የድሮ ግንብ ስለሆነ ዋይፋይ አያልፍበትም፤ ስለዚህ ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ግድግዳው ውስጥ ባለው በዚያው በመብራት ሽቦ ነው። ጉድ ነው፣ አንድም ተጨማሪ ሽቦ አያስፈልግም፣ እያለ ደንበኞቹን እየጎተተ አመጣና አስጎበኛቸው። የታመመች እናቱን መኝታ ቤት ማሳያ ሱቅ አደረገው ማለት ነው። ሉብና ያኔ ንዴቷን ዋጠችው፤ ውስጧ ሲብላላ ከረመ።

ስለ ውድቀቱ ስትነግረው ማታ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ስልኩን አወጣ፤ መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፤ መጋረጃውን ከፈተ፣ ዘጋ። የእናቱን መጥሪያ ቢጫነው ታች ያለው ደወል የሠርግ ቤት መሰለ። ፉርቃን ደረጃው ላይ ቆሞ ወደ ሠርኬ አየና፣ "ዕቃው ምንም አልሆነም። የማይሠራው ሰው ነው" አለ። ሠርኬ አንገቷን ደፋች። ሉብና ለአንድ ሌሊት ያህል ወንድሟን አመነችው።

በማግስቱ ጠዋት ግን ገበያው እንደደመቀ ሉብና ራሷ ከደወሉ ፊት ተገትራ ቆመች። ሠርኬ ከላይ ተጫንኩት ትላለች፤ ደወሉ ዝም። አሁንም ተጫንኩት ትላለች፤ ደወሉ ዝም። ሉብና ስልኳን አነሳችና ወንድሟን ከነሱቁ ጠራርጋ ሰደበችው። ፉርቃን ስድቡ እስኪያልቅ ጠበቀና መጀመሪያ ሊነግራት የሚገባውን ነገር ያን ጊዜ ነገራት።

"መልእክቱ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው በሹክሹክታ ነው" አላት። "እዚያው ሽቦ ላይ የሚጮህ ዕቃ ካለ ሹክሹክታው አይሰማም። ርካሽ ቻርጀር ሊሆን ይችላል፣ አሮጌ ሞተር ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ እየነቀልሽ ፈልጊው።"

"መርካቶ መሃል የሚንሾካሾክ ደወል ነው ለእማ ያመጣህላት?" አለችና ዘጋችበት።

ሱቋን ለሠራተኞቿ ትታ ፍለጋ ገባች። ፍሪጁን ነቀለች፤ ደወሉ ዝም። ቴሌቪዥኑን ነቀለች፤ ዝም። ስታቢላይዘሩን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የስልክ ቻርጀሮቹን፣ ፉርቃን ከነሳጥኑ ያመጣቸውን ባለቀለም አምፖሎች ሳይቀር አንድ በአንድ ፈታች። በመጨረሻ ከመጥሪያውና ከደወሉ በቀር በቤቱ ውስጥ ሶኬት የነካ ነገር አልቀረም። ደወሉ ግን ጭጭ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። በእጇ የነበረውን ቻርጀር ግድግዳው ላይ ወረወረችው፤ ያ አዲስ የተቀባው ግድግዳ ተላጠ፤ ትንሽ ቀለል አላት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች እትዬ ሐጀራ አጠገብ እየተፈራረቁ መቀመጥ ጀመሩ። ሉብና ከሱቅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሱቅ ስትሮጥ ደንበኞቿ ተሰላችተው ሌላ በር ማንኳኳት ያዙ። ቢሆንም ሁልጊዜ አጠገባቸው መሆን አይቻልም። አንድ ቀን ሠርኬ ወፍጮ ቤት ደርሳ እስክትመለስ እትዬ ሐጀራ አልጋቸው ላይ ሽንታቸው አመለጣቸው። ሉብና ስትገባ መጥሪያዋን አልያዙም ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ልብሳቸውን ስትቀይርላቸውም አላዩዋትም። ሉብና የዚያን ቀን ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች። ያስለቀሳት ሐዘን ብቻ አይደለም፤ የምትቆጣውን ሰው ማጣቷም ነው።

ያንን ሰው ያገኘችው ዓርብ ዕለት ነው። ለጁምዓ ሶላት መንገዱ ከዳር እስከ ዳር በሰጋጆች ሞልቶ፣ ሱቁ ሁሉ መዝጊያውን ዝቅ አድርጎ ነበር። ሉብና ወጥ ቤት ቆማ የእናቷን ሾርባ ስታማስል ከራሷ በላይ ደወሉ ጮኸ። ጥርት ብሎ ነው የጮኸው። ማንኪያዋን ጥላ ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። እትዬ ሐጀራ ውሃ ፈልገው ነበር፤ ልጃቸው ስትገባ ሲያዩ ግማሽ ፊታቸው ሳቀ። ውሃውን ጠጥተው ሲያበቁ፣ ሳያስፈልጋቸው፣ እንዲያው ደስ ብሏቸው ደግመው ተጫኑት። ታች ጮኸ። ሉብናም ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሶላቱ አለቀ። ሰው ምንጣፉን እየጠቀለለ ተነሳ፣ መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፣ መዝጊያዎች ተንኳኩተው ተከፈቱ። እትዬ ሐጀራ መጥሪያዋን ተጫኑ፤ ታች ዝም። በዚያው ቅጽበት ከኋላ ግድግዳው ማዶ ድርርርር የሚል ድምፅ ተነሳ። የጋሽ ፈለቀ የልብስ ስፌት ማሽን ነበር።

ጋሽ ፈለቀ መጋረጃ ሰፊ ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ሆኖም ዓርብ የሶላቱ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ሲጀመር ማሽናቸውን ያጠፋሉ፣ ሶላቱ ሲያልቅ ይቀጥላሉ። ሰው እየሰገደ ሞተር አላስጮህም ብለው በራሳቸው የጀመሩት ነገር ነው፤ ያዘዛቸውም የለመናቸውም የለም። ሰፈሩ ከመልመዱ የተነሳ ማስተዋሉን ትቶታል። የሚሠሩባት ክፍል ቆጣሪ የላትም። እትዬ ሐጀራ ጤነኛ በነበሩ ጊዜ ከራሳቸው ቆጣሪ ሽቦ አስቀጥለው በአጥሩ ላይ አሳለፉላቸው። መርካቶ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ ሁለት ሦስት ቤት ቢጠቀም ብርቅ አይደለም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፣ ይደረጋልም። እንግዲህ ሉብና ቤቷን ሙሉ ስትነቃቅል ያ ሽቦ አጥሩን ተሻግሮ፣ ካርቦኑ አልቆ ብልጭታ የሚተፋ አሮጌ ሞተር ጫፉ ላይ ይዞ ቀኑን ሙሉ ይጮህባት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ ቆጣሪው ሳጥን ጋ ሄደች። የጋሽ ፈለቀን ብሬከር ዝቅ አደረገችው። ማሽኑ መሃል ስፌት ላይ ቆመ፤ ሠርኬ ከላይ ስትጫን ደወሉ ጮኸ። መለሰችው፤ ማሽኑ ተነሳ፣ ደወሉ ዝም አለ። ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ፈለቀ መብራቱ ምን ሆነ ብለው ሲጣሩ ሰማች።

ሰው ቢሆን አጥሩን ዞሮ፣ ጋሽ ፈለቀ፣ ሞተርዎ እንዲህ እያደረገብን ነው ይላል። ይሄን ለማለት የሚያስፈልገው አንድ አፍ ነው። ሉብና ግን ያንን ሁሉ ቀን ያጠራቀመችው ቁጣ በመጨረሻ አድራሻ አግኝቷል። የእናቷን ጎን ያበለዘው ይሄ ሰውዬ ነው። አልጋቸው ላይ ያዋረዳቸው ይሄ ሰውዬ ነው፤ ያውም በእኛው መብራት። ለፉርቃን ደወለችለት። እሱ ድምፁን የሚውጥ ማጣሪያ በሚቀጥለው ዕቃ ጭነት አስመጣለሁ አለና፣ ቀጠለና ደግሞ፣ ምን አስጨነቀሽ፣ የራሳችን መብራት አይደለም ወይ፣ ቁረጪው አላት። ሉብና ማጣሪያውን አልሰማችም። የሰማችው ቁረጪውን ነው። ብሬከሩን አጥፍታ ሽቦውን በፒንሳ ቀነጠሰችውና በአጥሩ ማዶ ወረወረችው።

ቀኑን ሙሉ ደወሉ ሠራ። ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ጋሽ ፈለቀ ነበሩ። ሉብና በሩ ጀርባ ቆማ ሠርኬን የለችም በይ ብላ በዓይኗ አዘዘቻት። ሠርኬ ወጣች፣ ዋሸች፣ ተመለሰች፤ ድስቱን ምድጃው ላይ ወርውራ አስቀመጠችው።

"መብራቱ የጠፋው በእኔ ብቻ ነው ወይስ እትዬ ሐጀራም ጨለማ ውስጥ ናቸው እያሉ ነው የሚጠይቁት" አለች። "ሻማ ይዘው ነው የመጡት።"

ሉብና ሥራሽን ሥሪ አለቻት።

በማግስቱ ማለዳ ደወሉ ጮኸ። ሉብና ስትወጣ እትዬ ሐጀራ ውሃ አልፈለጉም፤ ግራ እጃቸውን አንስተው ወደ ኋላ ግድግዳው አመለከቱ፤ ከዚያ ጆሯቸውን ነኩ። ሉብና ያልገባት መሰለች። እሑድ ነው፣ ጋሽ ፈለቀ እሑድ አይሠሩም፣ አለችና ወረደች። ሰኞ ደወሉ ገና በጠዋቱ ጮኸ። አሁንም ግድግዳው፣ አሁንም ጆሯቸው። አልጋ ላይ የዋሉት ሴትዮ ቀኑ መጀመሩን የሚያውቁት ያ ማሽን ሲነሳ፣ መምሸቱን የሚያውቁት ሲያርፍ ነበር። በውስጡ የሰፈሩ ሰው አለ፣ የድሮ ንግዳቸው አለ። ሰኞ ቀን እንዴት ዝም ይላል?

መዋሸት ሰለቻትና እውነቱን ነገረቻቸው። ደወሉን የሚያፍነው የጋሽ ፈለቀ ሞተር እንደሆነ፣ ሽቦውን የቆረጠችው ለእናቷ ብላ እንደሆነ አስረዳቻቸው። እትዬ ሐጀራ ትክ ብለው አዩዋት። ልጅ እያለች ከሱቅ ሳንቲም የሰረቀች ዕለት ያዩዋት በዚህ ዓይን ነበር። ሉብና ዓይኑን መቋቋም ስላቃታት ወርዳ ወጥ ቤት ገባች።

ደወሉ ጮኸ። ዝም ስትል ደግሞ ጮኸ። ከዚያ ማቆሚያ አጣ። በአፋቸው ሱቁን ያናውጡ የነበሩት እትዬ ሐጀራ በደወል መጡባት፤ ያን ያህል ወር የታፈነ ቁጣ ሁሉ በአንድ አውራ ጣት ወረደባት። ሠርኬ ሽንኩርቷን አስቀምጣ ታያታለች። ሉብና ጆሮዋን ያዘች፤ ለአንቺ ብዬ ነው እኮ እያለች ወደ ጣሪያው ጮኸች፤ ደወሉ በላይዋ ላይ ጮኸ። ተንደርድራ ሄደችና ከሶኬቱ መንጭቃ ነቀለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሠርኬ፣ "ይኸው፣ አሁን እሳቸውንም ቆረጧቸው" አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሉብና እጇ ላይ ያለውን ደወል አየችው። እናቷ ላይ በዚያን ጊዜ ምን እየሆነ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ መጥሪያዋን ይጫናሉ፣ ሰው አይመጣም። ቸኩላ መልሳ ሰካችው። አልጮኸም። ጠበቀች፤ አልጮኸም። ስትወጣ መጥሪያዋ ወለል ላይ ወድቃለች፤ እትዬ ሐጀራ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀዋል። አንስታ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አልነኳትም። እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ ፈልጋ ልታስጨብጣቸው ብትሞክር ጡጫ አድርገው ዘጉት።

"እሺ" አለች ሉብና፤ እንባዋና ንዴቷ አብረው መጡ። "እሄዳለሁ። ጋሽ ፈለቀን ይቅርታ ጠይቄ መስመሩን እመልሳለሁ። ግን ደወሉ ተመልሶ ዝም ይላል። ብትወድቂም አልሰማሽም። ገብቶሻል?"

እጃቸው ከጋቢው ወጣ። መጥሪያዋን አነሱና አንዴ ብቻ ተጫኗት። ታች ደወሉ ጮኸ።

ጋሽ ፈለቀ በራቸውን ለብርሃን ብለው ወለል አድርገው ከፍተው፣ የማሽኑን ጎማ በቀኝ እጃቸው እያዞሩ በግራቸው ጨርቁን ይገፋሉ። ሉብናን ሲያዩ ተነሱ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ እናቷ ነው፤ ሻማ አላቸው ወይ፣ ሰው አጠገባቸው አለ ወይ። ሉብና ሊጠይቋት የመጡበትን ቀን አስታውሳ ፊቷ ጋለ። ሽቦውን የቆረጠችው እሷ መሆኗን ነገረቻቸው፤ ስለ ደወሉ፣ ስለ ሞተሩ፣ እናቷ ስለወደቁበት ቀን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወራች። መስመሩን አሁኑኑ አስቀጥላለሁ አለች። ጋሽ ፈለቀ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። መልሰው ተቀመጡ፤ የጨርቁን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው እየዳመጡ ቆዩ።

"ዓርብ ዓርብ ይሄን ማሽን የማጠፋው ማን አዞኝ ነው?" አሉ በመጨረሻ። "እትዬ ሐጀራ ወደቁ ብለሽ ብትነግሪኝ ሞተሩን ነቅዬ የድሮውን መርገጫ አስገጥሜ በእግሬ እየረገጥኩ እሰፋ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስረግጥ ኖሬ የለ? አንድ ቃል ነበር፤ ነፈግሽኝ። በርሽን ሳንኳኳ ከበሩ ጀርባ ነበርሽ፤ ጫማሽን በስንጥቁ አይቼዋለሁ። አፍሬልሽ ነው ዝም ብዬ የተመለስኩት።"

ሉብና ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች። ሞተርዎ እንዳለ ይሁን፣ ደወሉም ይቅር፣ ብቻ መስመሩን ልመልስ ብላ ለመነች።

"አልፈልገውም" አሉ። "ከእናንተ ቤት የሚመጣ ሽቦ ከእንግዲህ ግድግዳዬን አይነካም። ጭድ ተራ የአክስቴ ልጅ ቦታ አለው፤ ነገ ዕቃዬን አነሳለሁ። ለእትዬ ሐጀራ ምን እንደምትያቸው ደግሞ አንቺ እወቂ። እኔ ፊታቸውን አይቼ አልነግራቸውም።"

ከዚያ ወዲያ የጨርቁን ጠርዝ አስተካክለው ጎማውን በእጃቸው ማዞር ቀጠሉ፤ ሉብናን እንደሌለች ቆጠሯት። መንገድ ላይ ወጥታ ብዙ ቆመች። ዕቃ የተሸከሙ ሰዎች ገፍተዋት አለፉ፤ አንዱ ጎሸም አድርጓት ተሳድቦ ሄደ።

ግቢው ስትገባ ሠርኬ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቀና ብላ አየቻትና ሁሉም ገባት። ወዲያው ደወሉ ጮኸ። እናቷ ማሽኑን እየጠበቁ ነው፤ ለምን እስካሁን አልተነሳም ነው የሚሉት።

"እርስዎን ነው የሚጠሩት" አለች ሠርኬ፣ ከበርጩማዋ ሳትነሳ።

ደወሉ እንደገና ጮኸ፤ በዚያ ሽቦ ላይ አሁን የሚረብሸው አንድም ነገር የለም። ሉብና እጇን ደረጃው መደገፊያ ላይ አድርጋ የመጀመሪያውን እርከን መውጣት አቅቷት ቆመች።